አዳማ ላይ የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን የተበላሸባችሁ፣ ይህን ልጅ አግኙት

ሰላም አዳማዎች። ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ፍራንኮ አካባቢ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን አንድ ልጅ አለ። የመፈልፈያ ማሽኔን ሠርቶልኝ ይኸው ዛሬ ቤቴ ውስጥ 14 ጫጩት ይንጫጫል።

የማረባው ባንታም ነው፣ እነዚያን ድንክዬ ዶሮዎች። ባንታም ጎበዝ ታቃፊ ስለሆነች ማሽን አስፈልጎኝ አያውቅም ነበር። ግን ታቃፊዋን ሸለምጥማጥ ወሰደብኝ፣ የቀሩት ገና ቄቦች ናቸው፣ ይጥላሉ እንጂ አይታቀፉም። ስለዚህ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ማሽን ገዛሁ።

የመጀመሪያው ዙር በጣም አሳዘነኝ። 20 እንቁላል አስገብቼ ሦስት ብቻ ወጡ፣ እነሱም በ23ኛው ቀን፣ እምብርታቸው በደንብ ሳይዘጋ። ሁለቱ በማግስቱ ሞቱ። የባንታም እንቁላል ከትልቁ ዶሮ ቀደም ይላል፣ ብዙ ጊዜ በ19 ወይም በ20 ቀን ነው የሚፈለፈለው፤ ስለዚህ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቶኛል፣ ግን ማሽኑ ላይ ያለውን የሙቀት ቁጥር ባየሁ ጊዜ ሁሉ ልክ እንደሚፈለገው 37.5 ዲግሪ ነው። ሁለት ጥገና ቤት ወሰድኩት። አንዱ ጋ "ደህና ነው" አሉኝ፣ ሌላው ጋ ደግሞ ሳይከፍቱት "አዲስ ግዢ"።

ይህ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ "እትዬ፣ እንቁላሎቹስ?" ብሎ ነው። በማግስቱ ይዤለት ሄድኩ። ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ሰባብሮ ትንሽ ውሃ ጨመረበትና የራሱን ቴርሞሜትር ነከረ። ዜሮ እስኪያሳይ ጠበቀ። "ይሄኛው እንደማይዋሽ መጀመሪያ ልወቅ" አለኝ። ከዚያ እንቁላሎቹ አጠገብ አስቀምጦ ክዳኑን ዘጋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማሽኑ 37.5 ይላል፣ እንቁላሎቹ ጋ ያለው 36 እንኳን አልሞላም! ለካ ማራገቢያው ሞቷል። ሙቀቱ ከላይ ቀርቷል፣ ሙቀት የሚለካው ሴንሰርም የተንጠለጠለው እዚያው ክዳኑ ሥር ነው፣ የባንታም እንቁላል ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ከታች ይተኛል። የትልቅ ዶሮ እንቁላል ቢሆን እንኳ ትንሽ ይሻለው ነበር።

ከአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ነቅሎ ገጠመልኝ፣ ሴንሰሩን በእንቁላሎቹ አናት ልክ አወረደው። እንቁላሎቹን የሚያገላብጠው ማዟሪያ ሲንቀሳቀስ እንቁላሎቹ እየተንሸራተቱ ይጋጩ ስለነበር ክፍተቱን በስፖንጅ ሞላው። መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ እንዲሠራም ገመድ አወጣለት። ሁሉም 650 ብር። ስፖንጁን አላስከፈለኝም።

በሁለተኛው ዙር 18 አስገባሁ። በ7ኛው ቀን በስልክ መብራት አብርቼ ውስጣቸውን ሳይ ሁለቱ ባዶ ነበሩ፣ አወጣኋቸው። አንድ ሌሊት መብራት አራት ሰዓት ጠፍቶ ባትሪው ተሸከመው። በ17ኛው ቀን ማታ ልጁ ራሱ ደወለ፣ "ማዟሪያውን አጠፉት? ውሃውን ጨመሩ? ከእንግዲህ ክዳኑን እንዳይከፍቱ" ብሎ። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ሁሉን ያደርቃል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ካልሆነ የእንቁላሉ ስስ ሽፋን ደርቆ ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል። ሥራ ቦታ ሆኖ የሰው እንቁላል የስንት ቀን እንደሆነ የሚቆጥር ጠጋኝ እኔ አላየሁም።

በ19ኛው ቀን ማታ አንዱ እንቁላል ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አየሁ። ጆሮዬን ክዳኑ ላይ ስለጥፍ ውስጡ ይጮኻል። ጠዋት ስድስት ነበሩ፣ እስከ ማታ 14። ሁሉም በእግራቸው የቆሙ፣ እምብርታቸው የተዘጋ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ከልቤ ነው።

ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፣ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ። እሁድ አይሠራም። ስትሄዱ የምታስፈለፍሉትን እንቁላል ሁለት ሦስት ያዙ፣ መጠየቁ አይቀርም።