አሮጌ ጀልባ፣ አዲስ ሽቦ፦ ካታሊና 22 ከወራት አገልግሎት በኋላ

የካታሊና 22 ጀልባዬን የኤሌክትሪክ መስመር ከሥሩ ነቅዬ ከቀየርኩ ወራት አልፈዋል። ከፀደይ ጀምሮ ቅጠል እስኪረግፍ ድረስ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለው ቼሳፒክ ቤይ (ባሕረ ሰላጤ) ላይ ሠርቶልኛል። ሙቀቱን፣ የከሰዓቱን ነጎድጓድና ዝናብ፣ ጨዋማውን እርጥበት ሁሉ አይቶታል። ስለዚህ አሁን ስለ እያንዳንዱ ዕቃ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ብዙ ገንዘብ የበላው ባትሪ ጥሩ ነው፣ አልከፋኝም። ጀልባዋን የለወጣት ግን ሽቦውና መጋጠሚያው ነው።

ለማያውቃት፣ ካታሊና 22 በአሜሪካ በብዛት ከሚታዩት ትንንሽ ባለሸራ ጀልባዎች አንዷ ናት። የነደፋት ፍራንክ በትለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 መመረት ጀምራ ከ15 ሺህ በላይ ተሠርታለች። ርዝመቷ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የእኔዋ ከሥሯ የሚታጠፍ፣ 250 ኪሎ የሚጠጋ የብረት ኪል (ውኃ ውስጥ ወርዶ ጀልባዋን እንዳትገለበጥ የሚይዝ ክንፍ) አላት። ኪሉ ሲነሳ 60 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይበቃታል። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 6 ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሮጌዎቹ በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛሉ። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላለን ሰዎች ደግሞ አናፖሊስ ቅርብ ነው። ጀልባ የሀብታም ነገር ነው የሚባለው ለዚህች አይሠራም።

የእኔዋ የ1980ዎቹ ሥሪት ናት። ቀፎዋ ጤነኛ ነበር። ኤሌክትሪኳ ግን የገዛት ሰው ሁሉ የራሱን ሽቦ እየቀጠለበት የሄደ ነው። የመኪና ሽቦ አለ፣ የቤት ሽቦ አለ፣ ተጠማዝዞ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለም አለ። ምሰሶው ሥር ያለውን ሽቦ ቆርጬ ላስቲኩን ስገፈው መዳቡ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብዬ ቆረጥኩ። አሁንም ጥቁር ነው። አንድ ክንድ ያህል ከሄድኩ በኋላ ነው ቀይ መዳብ ያየሁት። እርጥበቱ በቀጫጭኖቹ ክሮች መካከል እየተሳበ ይገባል፣ ላስቲኩ ውጭውን ደህና አስመስሎ ይሸፍነዋል። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት እያለ ምሰሶው ጫፍ ላይ ላለው መብራት የሚደርሰው ከ11 በታች ነበር። መብራቱ ቢበራም ከሩቅ የሚያየው የለም።

አዲሱ ሽቦ አንኮር የተባለው የጀልባ ሽቦ አምራች ሥራ ነው። እያንዳንዱ የመዳብ ክር በቆርቆሮ ስለተለበጠ ሲገፈፍ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከተራው ሽቦ ይወደዳል። በእንደዚህች ትንሽ ጀልባ ላይ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ኪስ አይጎዳም። በወቅቱ ማብቂያ ምሰሶው ሥር ያለውን ጫፍ ሆን ብዬ ከፍቼ አየሁት። ነጭ እንደሆነ ነው። ለኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሥራውን የሠራሁት በኤቢዋይሲ ደንብ ነው። ኤቢዋይሲ የጀልባ አሠራር መለኪያዎችን የሚያወጣው የአሜሪካ ማኅበር ሲሆን መቀመጫውም እዚሁ አናፖሊስ ነው። ደንቡ ለጉዞ መብራትና ለመሳሰሉት አስፈላጊ መስመሮች የቮልቴጅ መውረዱ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ አስልታችሁ እዩት። ከፊውዝ ሳጥኑ እስከ ምሰሶው ጫፍ ደርሶ መልስ 22 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 16 ቁጥር ሽቦ በዚህ ርቀት 0.3 ኦም ያህል ይይዛል። 2 አምፔር የሚስበው የድሮ አምፖል ብቻውን 0.6 ቮልት ያጠፋል፣ ማለትም 5 በመቶ። 0.2 አምፔር የሚስብ ኤልኢዲ ግን በዚያው ሽቦ ላይ የሚያጠፋው ከቁጥር አይገባም። ምሰሶው ላይ ባለ 14 ቁጥር ሽቦ (ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ዘርግቼ ኤልኢዲ አደረግሁ። አሁን ባትሪው ላይ የማነበውና ጫፉ ላይ የሚደርሰው አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

ወደ መጋጠሚያው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ፣ አዲስ አበባ መብራት ኃይል ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ጡረተኛ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም፣ ሥራውን ግን ሊያዩልኝ መጡ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ባትሪው አልነበረም።

«ልጄ፣ ሽቦ መሃሉ ላይ አይሞትም። የሚሞተው ጫፉ ላይ ነው። የት የት ነው የቀጠልከው?»

አሳየኋቸው። አንዱን ጫፍ ያዙና «ሳበው» አሉኝ። በኃይል ሳብኩት። አልወጣም። «ሁሉንም እንደዚህ ሳብ፤ አሁን የማይወጣው ማዕበል ላይም አይወጣም» አሉ። ያልሳብኩት የለም።

ጫፎቹን የጨመቅኩት መጠኑን ሳይጨርስ በማይለቅ ባለጥርስ ክሪምፐር ነው። በተራ ፒንሳ የሚጨመቀው አንዴ ይላላል፣ አንዴ ሽቦውን ይቆርጣል። ከዚያ በሙቀት የሚኮማተር፣ ውስጡ ማጣበቂያ ያለው ቱቦ አለበስኳቸው። በትክክል ሲሞቅ ማጣበቂያው በሁለቱም ጫፍ ቀለጥ ብሎ ብቅ ይላል። ያን ካያችሁ ውኃ አይገባም። በእርሳስ ብየዳ (ሶልደር) ብቻ መያያዝን ደንቡም አይቀበልም፤ ብየዳ ሽቦውን ያደርቀዋል፣ የደረቀ ሽቦ ደግሞ መንቀጥቀጥ ላይ ይሰበራል። በእነዚህ ወራት አንድም መጋጠሚያ አልከዳኝም።

የፊውዝ ሳጥኑ ብሉ ሲ ሲስተምስ የሚሠራው ባለ 12 መስመር ነው። ኔጋቲቩም እዚያው ስለሚሰበሰብ ከኋላው የተዝረከረከ ሽቦ የለም። ክዳኑ ላይ እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ ጻፍኩ፦ የጉዞ መብራት፣ ሬድዮ፣ ፓምፕ፣ ካቢን። ልጆቼም ባለቤቴም ጨለማ ውስጥ በባትሪ መብራት አይተው ያውቁታል። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ የካቢኑ ቬንትሌተር ሾርት አድርጎ ፊውዙ ተቃጠለ። የጠፋው እሱ ብቻ ነው። ሬድዮውም መልሕቅ ላይ የምናበራውም መብራት ንቅንቅ አላሉም። ድሮ ቢሆን ሁሉም በአንድ ፊውዝ ላይ ስለነበሩ ጀልባዋ በሞላ ትጨልም ነበር። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው በ18 ሴንቲ ሜትር ውስጥ እንዲሆን ደንቡ ያዛል፤ የእኔ ራሱ የባትሪው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ይህን ማንም እንዳይዘለው። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለውን ሽቦ የሚጠብቀው ምንም ነገር የለም።

ባትሪው 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። የምወድለት ክብደቱን ነው። 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ የዚያው መጠን የሊድ ባትሪ ግን ወደ 30 ይጠጋል። ባትሪው ከኋላ፣ ሞተሩም ከኋላ በሆነበት ትንሽ ጀልባ ላይ ይህ በዓይን ይታያል፤ ኋላዋ መስጠሙን ትታለች። የሊዱን ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች አለማውረድ ይመከራል፤ ይህኛው ግን አብዛኛውን ይሰጣል። ቮልቴጁ ግን አይነግራችሁም። ሊሞላም ሲል ግማሽ ሲሆንም 13.2 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የቪክትሮን ስማርትሻንት አስገባሁ፤ የገባውንና የወጣውን ቆጥሮ ስልኬ ላይ በመቶኛ ያሳየኛል። ያለሱ ሊቲየም መግዛት ነዳጅ መለኪያ የሌለው መኪና መንዳት ነው።

ለዚህች ጀልባ ግን 100 አምፔር ሰዓት ይበዛል። መልሕቅ ጥለን ስናድር የምሽቱ መብራት ሌሊቱን ሙሉ 2 አምፔር ሰዓት ቢወስድ ነው። ሬድዮው ሲያዳምጥ ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። ስልኮቹንና ካቢኑን ጨምራችሁ ከአንድ ቅዳሜና እሁድ በኋላም አብዛኛው ቦታው ላይ ነው። ትንሿ ባለ 50 ዋት ሶላር የወጣውን ትተካዋለች። የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ 50 አምፔር ሰዓት ውሰድና የተረፈህን ሽቦ ላይ አውለው እለዋለሁ።

መብራቶቹ ላይ አንድ ነገር በደንብ አዳምጡኝ። ርካሽ ኤልኢዲ ጀልባዎች የሚነጋገሩበትን የቪኤችኤፍ ሬድዮ ሊያፍነው ይችላል። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ዳርቻ ጥበቃ) እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ከቀድሞው ባለቤት የቀረ አንድ ኤልኢዲ ምሰሶው ላይ ነበረ፣ አንቴናውም እዚያው አጠገቡ ነው። ሬድዮውን ጸጥ ያለ ቻናል ላይ አድርጌ ጩኸቱ ጠፋ እስኪል ስኩዌልቹን (የጩኸት ማፈኛውን ቁልፍ) አስተካከልኩ። መብራቱን ሳበራው ጩኸቱ ተመለሰ። ሳጠፋው ጠፋ። እንግዲህ ማታ፣ መብራት በርቶ፣ የአደጋና የጥሪ መስመር በሆነው ቻናል 16 ላይ የሚጠራችሁን ሰው አትሰሙም ማለት ነው። አውጥቼ ጣልኩት፣ በምትኩ ሬድዮ እንደማይረብሽ የተረጋገጠለትን አስገባሁ። ዋጋው ዓይን ያስፈጥጣል። ግን ይከፈላል።

ከ7 ሜትር በታች የሆነ ባለሸራ ጀልባ የጉዞ መብራት ማድረግ ካልተመቸው በእጅ መብራት መጠቀም ይችላል የሚል ፈቃድ ሕጉ ውስጥ አለ። እውነት ነው። ግን ሞተሩን ባስነሳችሁበት ደቂቃ በሕጉ ዓይን የሞተር ጀልባ ናችሁ፣ ፈቃዱም አብሮ ይቀራል። ነፋስ ማታ ማታ በሚሞትበት ቼሳፒክ ላይ ሞተር ማስነሳታችሁ አይቀርም። ሙሉ መብራት ይኑራችሁ።

ያልወደድኩት የካቢኑን መብራት ነው። ከኢንተርኔት ገዛሁት፣ ለባሕር የተሠራ ይላል። ሐምሌ ሳያልቅ ማብሪያው ዛገ። ሻጩን ብጽፍለት ዋስትናው እርጥበትን አይሸፍንም አለኝ። ለባሕር ነው ተብሎ የተሸጠ ዕቃ እርጥበት ካልቻለ ምን ሊችል ነው? ገንዘቤ እዚያው ቀረ።

ከኤሌክትሪኩ ውጭ የሠራሁት ዋና ነገር ዴኩ (የጀልባዋ የላይኛው ወለል) ላይ ያሉትን ብሎኖች እየነቀልኩ እንደገና ማሸግ ነው። የዚህች ጀልባ ዴክ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ውኃ ከገባው ይበሰብሳል። ምሰሶውን የሚይዙት የብረት ገመዶች የሚታሰሩበት ቦታ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ በቀጥታ የሚወርደው የድሮው የፊውዝ ሰሌዳ ላይ ነበር። ቀዳዳዎቹን አፋቸውን ትንሽ አስፍቼ በቡቲል ቴፕ (እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ማሸጊያ) አሸግኳቸው። ቡቲል አይደርቅም፣ ከጀልባዋ ጋር ይሳባል። ከትልልቆቹ ዝናቦች በኋላ በእጄ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። ይህን ሳይሠሩ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ገንዘብ ውኃ ውስጥ መጣል ነው። መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከዚያ ሽቦውን።

አሁን ክረምቱ እየገባ ነው። ሊቲየሙን ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ሴሎቹን ስለሚጎዳ፣ ሶላሯን ነቅዬ ባትሪውን ግማሽ አካባቢ ላይ ትቼ ወደ ቤት ወስጄዋለሁ። የሽቦዎቹን ጫፎች በላስቲክ ሸፈንኳቸው። ለመጪው ፀደይ የቀረኝ የካቢኑን መብራት መቀየርና የኪሉን ማንሻ ገመድ መፈተሽ ነው።