አዲስ መስሎ የሚሸጥ ርካሽ ልቦለድ፦ ሳትገልጡ እንዳትገዙ

መንገድ ላይ «ግማሽ ዋጋ» እየተባለ የሚሸጥ ልቦለድ አለ። ተጠንቀቁት፤ ብዙው ኮፒ ነው። ያገለገለ መጽሐፍ ማለቴ አይደለም። እሱን እኔም አሳድጄ እገዛለሁ። የምላችሁ ሽፋኑ የሚያብረቀርቀውን፣ በላስቲክ ታሽጎ አዲስ የሚመስለውን ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ በክርክር ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገና አሁን አንብባ ጨረሰች። እንዴት እንዳገኘችው ስጠይቃት «ጥሩ ነው፤ ግን ደራሲው ፍቅሩ ላይ ቸኩለዋል» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ሀዲስ ዓለማየሁ ናቸው የሚቸኩሉት? የእኔ ቅሬታ እንደውም ተቃራኒው ነው። ክርክሮቹ ይረዝሙብኛል። ጉዱ ካሳ መናገር ሲጀምር ሻይ ጥጄ እመለሳለሁ። (ኋላ ግን ተመልሼ አነበዋለሁ። ያለ እሱ መጽሐፉን የምወደው አይመስለኝም።)

በተለይ በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ሰብለ ወንጌልን ማስተማር ከጀመረ በኋላ ታሪኩ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው። መተያየቱ፣ መፈራራቱ፣ ሳይናገሩ መዋሉ። ለእኔ የመጽሐፉ ጣዕም እዚያ ነው። ይህን ስነግራት «የቱ መፈራራት?» አለችኝ። በማግስቱ መጽሐፏን አመጣችና ከእኔው ጎን አስቀመጥነው። 16 ገጽ የለም። ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይቆማል፣ የገጽ ቁጥሩ ይዘላል፣ ከዚያ ሌላ ትዕይንት ውስጥ ናችሁ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ሌላ 16 ገጽ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ለማካካሻ መሰለኝ።

ለምን 16? መጽሐፍ የሚታተመው በትልቅ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ተጣጥፎ ሲቆረጥ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። እነዚህ ተደርድረው ይጠረዛሉ። አንዷ እጥፋት ከተረሳች 16ቱም ገጽ አብሮ ይሄዳል። በደህና ማተሚያ ቤት ይህ ሲያጋጥም መጽሐፉ ይለወጥላችኋል። ተደብቆ የሚያትም ሰው ግን ማን ይቆጣጠረዋል? እናንተስ ማን ጋ ትሄዳላችሁ? ባልደረባዬ ወደ ሻጩ ተመልሳ ነበር። «የተሸጠ አይመለስም» አላት፤ አለቀ።

የሚያናድደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሰው ያላነበበውን መጽሐፍ አነበብኩ ብሎ ይፈርድበታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ጉድለቱን ወዲያው ይነቃበታል። አዲስ አንባቢ ግን ከየት ያውቃል? «ታሪኩ ይዘላል፣ አይያያዝም» ይልና ለጓደኞቹም ያወራል። ስማቸው የሚጠፋው ደራሲው ናቸው።

ፊደሉም ጉድ ነው። ገጹ ፎቶ ተነስቶ እንደገና ሲታተም ቀጫጭኖቹ ጭረቶች ይጠፋሉ። «ሱ» «ሰ» ይሆናል፣ «ቡ» «በ» ይሆናል። ሁለት ገጽ ሳይሞላ ዓይን ይደክማል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ የመጀመሪያው ቅጠል ላይ «ያለ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» የሚለው ሳይቀር አብሮ መባዛቱ ነው።

አንዳንድ ሻጭ «የድሮ መጽሐፍ እኮ ነው፣ ማንም ማተም ይችላል» ይላል። ውሸት ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ቢወጣም፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመናቸውና ካረፉ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ቁጠሩት።

«ኦሮማይ»ንም እኮ ሰው በድብቅ ነበር የሚያነበው የሚለኝ አለ። እውነት ነው። በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ታግዶ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማም በተከታዩ ዓመት የገባበት ጠፋ። ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም። አሁን ግን መጽሐፍ መደብር ገብታችሁ ኦርጅናሉን ማንሳት ትችላላችሁ። በነገራችን ላይ በቅርቡ ደግሜ አንብቤዋለሁ። የጋዜጠኛው የፀጋዬና የፊያሜታ ፍቅር ከጦርነቱ ይልቅ ያዘኝ። የስብሰባዎቹ ክፍል ግን አሁንም ያንገሸግሸኛል።

ፊልምም ያው ነው። ሲኒማ ቤት ውስጥ በስልክ ተቀርጾ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ አለ። በቴሌብር ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፤ የሚመጣላችሁ የተመልካች ጭንቅላትና የጎረቤት ሳቅ ነው። እሱን አይቶ «ፊልሙ ጨለማ ነው» የሚል ሰው ገጥሞኛል።

እንግዲህ ስትገዙ መጀመሪያ ላስቲኩን አስከፍቱ። አልከፍትም ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ከመሀል ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ የገጽ ቁጥሩን ተከተሉ፤ ሽፋኑን አትዩት፣ እሱን አሳምረው ነው የሚሠሩት። የጥርዙን ጀርባ ለጠጥ አድርጉት፤ ሙጫው ደካማ ከሆነ እዚያው ይሰነጠቃል። ገንዘብ ካጠራችሁ ያገለገለ ግዙ። ቢጎሳቆልም ሙሉ ነው፤ ዋጋውም ላይ መደራደር ይቻላል።

ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላለ ዘመድ የምትልኩ ደግሞ አደራ፣ ሻንጣ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ገጹን ቁጠሩ። ከዚያ ማዶ ሆኖ የሚለውጥለት የለም።