ዋሽንግተን ዲሲ በአንድ ቀን፦ በእግር፣ በሜትሮ፣ በብስክሌት ወይስ በአስጎብኚ አውቶቡስ?

ዲሲ ላይ ለመግቢያ የሚወጣ ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል። የስሚዝሶኒያን ተቋም ሙዚየሞች በነፃ ነው የሚገባው። የካፒቶል (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) ጉብኝት ነፃ፣ የሊንከን መታሰቢያም ነፃ። ብዙ ቦታ የሚያስገባ «ፓስ» እንግዛ የሚል ሰው ካለ ቆም በሉ፤ ልታዩ ከመጣችሁት አብዛኛው ትኬት የሚባል ነገር የለውም። ወጪው ያለው መጓጓዣው ላይ ነው። መወዳደር ያለበትም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስፍራውን እንወቀው። ናሽናል ሞል ረጅም ሜዳ ነው። በምሥራቅ ካፒቶል፣ በምዕራብ ሊንከን፣ በመሃል 169 ሜትር የሚረዝመው የዋሽንግተን ሐውልት አለ። ከጫፍ ጫፍ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐውልቱ ከየአቅጣጫው ስለሚታይ ሁሉም ነገር ቅርብ ይመስላል። ግን አይደለም። ሙዚየሞቹ በምሥራቁ ግማሽ ናቸው፤ መታሰቢያዎቹ በምዕራቡ። አብዛኞቹ ሙዚየሞች በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 10፡00 እስከ ምሽቱ 5፡30 ይሠራሉ። መታሰቢያዎቹ ግን 24 ሰዓት ክፍት ናቸው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ።

ሜትሮ
የከተማው ባቡር ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከሬገን አየር ማረፊያ በሰማያዊው መስመር ቀጥታ ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ትወርዳላችሁ፤ ስትወጡ ሜዳው መሃል ናችሁ። ችግሩ ምዕራቡ ላይ ነው። ሊንከን አጠገብ ጣቢያ የለም። ቅርብ የሚባለው ፎጊ ቦተም እንኳ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል። ስለዚህ ሜትሮ ለመምጫና ለመመለሻ ጥሩ ነው፤ ለመዞሪያ አይሆንም። ሁለት ጊዜ ብቻ ለምትሳፈሩበት ያልተገደበ የቀን ትኬት መግዛትም አያዋጣም። ስማርትሪፕ በሚባለው የሜትሮ መክፈያ ካርድ ላይ ጥቂት ዶላር መሙላት ይበቃል።

አስጎብኚ አውቶቡስ
የፈለጋችሁበት ወርዳችሁ በሚቀጥለው የምትሳፈሩበት ዓይነት ነው። ከሁሉም ውድ እሱ ነው፤ የአንድ ሰው የቀን ትኬት ከስድስት አጭር የሜትሮ ጉዞ ይበልጣል። ቤተሰብ ሲሆን ሒሳቡን አስቡት።

ገንዘቡ የሚገባው ለማን ነው? ጉልበታቸውን የሚያማቸው ወላጅ ይዞ ለመጣ ሰው። ቁጭ ብሎ ማየት፣ ማብራሪያ መስማት፣ ፀሐይ ሲበረታ ማረፍ ትልቅ ነገር ነው። የዲሲ በጋ ይሞቃል፣ ይወብቃል፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ጥላ እንደ ልብ አይገኝም። ለሌላው ሰው ግን ብዙም አልመክርም። አንድ ጊዜ ከወረዳችሁ በኋላ የሚቀጥለውን መጠበቅ አለ፤ ትራፊክ አለ። ከሁሉ የሚብሰው የቀን መስመሩ በጊዜ ማብቃቱ ነው። ሙዚየም ዘግቶ ወደ መታሰቢያዎቹ ልትሄዱ ስትሉ አውቶቡሱም ይለያችኋል። የሌሊት ጉብኝት በሌላ ትኬት ነው የሚሸጠው። አንዱን ብቻ ግዙ ብባል የሌሊቱን ነው የምመርጠው፤ መታሰቢያዎቹ መብራት ሲበራላቸው የበለጠ ያምራሉ።

ወላጆቻችሁ ማብራሪያ የማይፈልጉ ከሆነም አራት ሆኖ ሦስት አጭር ኡበር መያዝ ከአራት የአውቶቡስ ትኬት ይረክሳል።

ብስክሌት
ለወጣትና ለጤነኛ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። የካፒታል ባይክሼር ቀያይ ብስክሌቶች ከአንዱ ማቆሚያ ተወስደው ሌላው ላይ ይመለሳሉ። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ አቀበት አያስቸግርም። ሜትሮ የማይደርስበትን ምዕራብ የሚያዳርሰው እሱ ነው፤ ታይዳል ቤዚን የሚባለው ውኃ ዳር ያሉትን የጄፈርሰንንና የማርቲን ሉተር ኪንግን መታሰቢያ ጨምሮ። ሒሳቡ በደቂቃ ስለሚቆጥር ግን ሐውልት እያያችሁ አጠገባችሁ አታቁሙት። መልሱት፣ ስትጨርሱ ሌላ ውሰዱ። ዕድሜው 16 ያልሞላ ልጅ መንዳት አይፈቀድለትም። የራስ ቁርም አብሮ አይሰጥም።

በእግር
በነፃ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። ሙሉውን ሄዶ መመለስ ብቻ 6 ኪሎ ሜትር፣ የሙዚየም ውስጥ ዙረት ሲጨመርበት ደግሞ ማታ እግር የራሱን ሒሳብ ይጠይቃል። ግን በእግር ካልሆነ የማይታይ አለ። የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ሰሜናዊ ጠርዝ ላይ፣ በድንጋዩ ላይ 22 አገሮች ተቀርጸዋል፤ የቃኘው ሻለቃ የዘመተላት ኢትዮጵያም አለች። አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ አይነበብም። የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ግድግዳ ላይ ያሉት ከ58,000 በላይ ስሞችም እንደዚያው ናቸው። ሊንከን ደረጃ ላይ ደግሞ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1963 ንግግር ሲያደርግ የቆመበት ቦታ ምልክት አለው። ጥያቄ ካላችሁ የፓርኩን ሬንጀሮች (ጠባቂዎች) ጠይቁ፤ እነሱም አያስከፍሉም።

እንግዲህ ከአንዱ ጋር ብቻ መጣበቅ የለባችሁም። ጠዋት በሜትሮ መጥታችሁ ካፒቶልን ማየት፣ ቀትር ላይ አንድ ሙዚየም፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ወደ ምዕራብ በብስክሌት ወይም በኡበር። ዋይት ሃውስ መግባት ቀድሞ ማመልከት ይጠይቃል፤ ከአጥሩ ውጭ አይቶ ማለፍ ይሻላል።

ቀኑን ስትመርጡ እሑድን ተዉት፤ የካፒቶል ጉብኝት የለም። የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየምን የምትፈልጉ ከሆነ ነፃውን የሰዓት ትኬት ከመምጣታችሁ በፊት ኦንላይን ያዙ። የዋሽንግተን ሐውልት አናት ላይ መውጣት ለሚፈልግም ትኬቱ ነፃ ነው፤ የዕለቱ ግን ጠዋት ቶሎ ያልቃል።