ቀጥታውን መጠበቅ ወይስ መናኸሪያው ላይ መቀየር?

በየቀኑ ወደ ሥራ የሚመላለስ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት አማራጭ አለው፦ አልፎ አልፎ የሚመጣውን ቀጥታ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ወይም ቶሎ ቶሎ የሚመጣውን ይዞ ትልቁ መናኸሪያ ላይ መቀየር።

ቀጥታው ጉልበት ይቆጥባል፤ መቀመጫ ከተገኘ ማንበብም ማሸለብም ይቻላል። ችግሩ ጥበቃው ነው። በየ30 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ፣ ሰዓቱን ሳያውቅ የወጣን ሰው በአማካይ 15 ደቂቃ ያስጠብቀዋል። በየ6 ደቂቃው የሚመጣ ግን 3 ደቂቃ ብቻ፤ ሁለት ጊዜ ቢጠበቅ እንኳ 6 ነው።

ይህ ስሌት ግን መናኸሪያውን ይረሳል። ደረጃው፣ የትኬት መቆጣጠሪያው፣ ከፊት የሚያዘግመው ሕዝብ ሁሉ ጊዜ ይበላሉ። የቶኪዮው ሺንጁኩ ጣቢያ ከ200 በላይ መውጫዎች አሉት፤ እዚያ በተሳሳተ በር የወጣ ሰው ያተረፈውን ደቂቃ ሁሉ መልሶ ይከፍላል። ስለዚህ የሚቀይር ሰው የመውጫውን ቁጥር ወይም ስም አስቀድሞ ይያዝ፤ በባቡር ከሆነም መውረጃው ላይ ለደረጃው በሚቀርበው ፉርጎ ይሳፈር። በሩ ሲከፈት ደረጃው ፊት ለፊት ከሆነ ሕዝቡን ቀድሞ ይወጣል።

ጠዋት ጠዋት መቀየርን እመርጣለሁ፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይከተላል። ማታ ግን፣ መስመሮቹ ሲሳሱ፣ ቀጥታው ይሻላል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ መንገደኛ ደግሞ አንድ የተበላሸ አሳንሰር መቀየርን ጭራሽ የማይቻል ያደርገዋል። መናኸሪያዎች ይህን ብልሽት መንገደኛው ከቤቱ ሳይወጣ ሊያሳውቁት ይገባል።