ለኮምቦልቻው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ምስጋና አለኝ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ዛሬ አንድ ባለሙያ ላመሰግን፣ መኪናው ላስቸገረችው ሰውም ልጠቁም ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። በየቀኑ በመሃል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እወጣለሁ። መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍ ኢ። ክረምት ላይ መንገድ መሃል ድንገት ትጠፋ ጀመር። አንዱ ጋራዥ የቤንዚን ፓምፕ ቀየረልኝ። ሌላው ካንዴላና ቦቢና አስገዛኝ። ሦስተኛው ሞተሩ ይውረድ አለ። ለካ ችግሩ ቤንዚኑንና የካንዴላውን እሳት የሚያዘው ኮምፒዩተሯ ነበር። ሲከፈት ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ፈሳሻቸው ወጥቶ የቦርዱን መስመር በልቶታል። ያገለገለ ሌላ ኮምፒዩተር አስመጣሁ፤ ቁጥሩ የተለየ ሆነና አልሠራም። ገንዘቤም ቀለጠ።

ያኔ ነው ስፒዱኖ የሚባለውን ያወቅኩት። አርዱዪኖ ሜጋ 2560 በሚባል ቦርድ ላይ የሚሠራ የሞተር ኮምፒዩተር ነው። ንድፉም ፕሮግራሙም ለማንም ክፍት ነው፤ ራስህ ትገጣጥመዋለህ፣ ራስህ ታስተካክለዋለህ። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2001 ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ የሚባሉ ሰዎች ሜጋስኩዊርት የሚባለውን ራስህ የምትገጣጥመው የሞተር ኮምፒዩተር ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲሠራው ኖሯል። ውጭ ያለው ወንድሜ ዕቃውን ላከልኝ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ስበይድ አመሸሁ። መኪናዋ ተነሳች! ልጆቼ አጨበጨቡ። ግን በደቂቃ 3,000 ዙር አካባቢ ስትደርስ ታስላለች፣ በማርሚታው ትተኩሳለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ሁለት ሳምንት ታገልኩ፣ አቃተኝ። በመጨረሻ አስጭኜ ኮምቦልቻ ወሰድኳት።

ኤሌክትሪሺያኑ ወጣት ነው። ቦርዱን አይቶ አልሳቀብኝም፣ «ማን ነካካው?» ብሎም አልተቆጣም። ሌሎቹ ጋ ይሄን ለምጄ ነበር። «አብሽር ጋሼ፣ እናየዋለን» አለኝና ላፕቶፑን ሳይነካ መልቲሜትሩን አነሳ።

መጀመሪያ ቤንዚን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አንድ በአንድ ለካ። የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው ሁሉም ከ12 ኦም በላይ ነው፤ ቦርዱ ያለ ተጨማሪ ሬዚስተር ሊያንቀሳቅሳቸው ይችላል ማለት ነው። ቀጥሎ የኔጌቲቭ ሽቦዎቹን አየ። እኔ የሴንሰሮቹንም የኢንጀክተሮቹንም አንድ ላይ ጠቅልዬ ቦዲው ላይ አንድ ብሎን ሥር አስሬያቸው ነበር። እሱ ለያያቸው፤ የሴንሰሮቹ በቀጥታ ወደ ቦርዱ፣ ወፍራሞቹ ወደ ሞተሩ ብሎክ። ያኔውኑ ስክሪኑ ላይ ሲዘል የነበረው የሙቀት ቁጥር ረጋ አለ።

የቀረውን ቆሜ ነው ያየሁት። ፕሮግራሙ ላይ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቦታ 10 ዲግሪ ላይ ቆለፈውና ብልጭ ድርግም የሚለውን የታይሚንግ መብራት ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ፑሌጃ ላይ አበራ። በሚኒሞ ምልክቱ 10 ላይ ቆሟል። ጋዝ ስረግጥ ግን ነጩ መስመር ቀስ እያለ ከቦታው ሄደ። «አዩ ጋሼ? እኛ 10 ላይ ቁም ብለነዋል፣ እሱ ግን እየሄደ ነው» አለኝ። ለካ ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረውን፣ ከዲስትሪቢዩተሩ የሚመጣውን የማግኔት ሴንሰር ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ነው ያሰርኳቸው። ሴንሰሩ ሞገድ ነው የሚልከው፤ አንዱ ጎኑ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው ዘንበል ያለ ነው። ኮምፒዩተሩ ዘንበል ያለውን ጎን ከተከተለ ፍጥነት ሲጨምር እሳቱ ቦታውን ይስታል። ሁለቱን ሽቦዎች አለዋወጣቸው። በቃ። ጋዝ ስሰጥ ምልክቱ ንቅንቅ አላለም። እኔ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆነ።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን የውሃው ነገር ነው። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ለማስተካከል በፈላ ውሃ ውስጥ ከተህ ኦሙን ትለካለህ፣ ከዚያ «ይሄ 100 ዲግሪ ነው» ብለህ ትጽፋለህ። እኔም ደሴ ቤቴ እንደዚያው አድርጌ ነበር። እሱ ከጎን ቡና የምታፈላዋ እህት ምድጃ ላይ ውሃ ጣደና ቴርሞሜትር ከተተበት። ውሃው እየተንተከተከ 94 ላይ ቆመ። ከፍታው ነው። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነች ውሃ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው። ስለዚህ የእኔ ኮምፒዩተር ሞተሩ ሳይሞቅ ሞቋል ብሎ ቤንዚኑን ቀድሞ ይቀንስ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የምታንገራግረው ለዚህ ነው። ይሄን ማን ያስባል?

ቤንዚኑ መብዛት ማነሱን ለማየት ጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የኦክስጅን ሴንሰር አስገባና ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎኔ ተቀመጠ። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ያርማል። ሐረጎን ሦስት ጊዜ ወጣን ወረድን። የቤንዚኑ ሠንጠረዥ በአንድ በኩል ዙር ነው፣ በሌላው ሞተሩ የሚስበው አየር ግፊት፣ እስከ 100 ኪሎፓስካል። ደሴ ላይ ጋዙን እስከ ታች ብረግጠው ግፊቱ ከ75 ብዙም አያልፍም፤ አየሩ ራሱ ያን ያህል ነው። «የላዮቹን ረድፎች እዚህ መንካት አያስፈልግም፣ አሰብ ከሄዱ ይምጡ» አለኝ።

ሁለት ቀን ያለው አራት ቀን ፈጅቷል፣ እውነቱን ልናገር። ግን በየማታው እየደወለ የደረሰበትን ይነግረኝ ነበር። ዋጋውን አስቀድሞ ተናገረ፣ አልጨመረም። የነካውን ሽቦ ሁሉ በወረቀት ሥሎ ሰጠኝ፤ ነገ እሱ ባይኖር ሌላ ሰው እንዲሠራው ብሎ። እንዲህ የሚያደርግ ባለሙያ አጋጥሞኝ አያውቅም። አሁን መኪናዋ በደሴ ብርድ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ይሄን ካነበብከው እጅህ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥህ።

ሁሉም ሰው ስፒዱኖ ይግጠም እያልኩ አይደለም። የድሮው ኮምፒዩተር ገና ካልተበላ ልጁ ካፓሲተሩን ብቻ ቀይሮ ይመልስላችኋል፤ አዲስ ዕቃ ካላስገጠምኩ አይልም። ስልኩን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቆኛል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የተበላሸውን ኮምፒዩተር እንዳትጥሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ። የመኪናው ሽቦ ሳይቆረጥ አዲሱ ቦርድ የሚሰካበትን ሶኬት ከእሱ ላይ ነው የሚፈታው።