ብርማ ቀለም የተቀባ ዝገት በ23 ሺህ ብር

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ካደረ "ይሁን፣ የሆነው ሆኗል" ማለቴ አይቀርም።

የገዛሁት ያገለገለ ስቶቭ ነው፤ ከላይ አራት ምድጃ፣ ከታች ኦቨን። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ "ከፈረንጅ ቤት የወጣ፣ እንደ አዲስ የታደሰ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚሉት ናቸው። ስትሄዱ አንዱ "እህቴ ነይ፣ ላንቺ ብዬ ነው ያቆየሁት" ይላል። ሌላው ጥግ ላይ ስልኩን እየነካካ ቀና ብሎም አያይም። 28 ሺህ ብለውኝ በ23 ተስማማን። "በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመራል" አለኝ። 15 በመቶውን አሰላሁት፤ 3,450 ብር። "ይቅርብኝ" አልኩ። በሬ ሆይ አትበሉኝ፣ ራሴን ብዬዋለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ደረሰኙ አይደለም። ጣቴ ነው።

የኦቨኑን በር ከፍቶ አሳየኝ። ውስጡ ብርማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ጎንበስ ብዬ ወለሉን በሌባ ጣቴ ዳበስኩት። ጣቴ ብር መስሎ ወጣ። ቀና አድርጌ አየሁት፤ እሱም አየው። ለአፍታ ሁለታችንም ዝም አልን። ያን ጊዜ ነበር ቦርሳዬን አንስቼ መውጣት! እሱ ግን ከኪሱ ሶፍት አወጣና፣ እንደ ታላቅ ወንድም፣ ጣቴን ጠረገልኝ። "የፋብሪካ ዱቄት ነው፣ ሲሞቅ ይለቃል" አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "አመሰግናለሁ።" ከልቤ ነው ያመሰገንኩት!

ከዚያ ሰክቶ አሞቀልኝ። ሁለት ደቂቃ። "እጅሽን አስጠጊ፣ ተሰማሽ?" ተሰማኝ። ገንዘቡን በማላውቀው ሰው ስም በተከፈተ አካውንት ላኩ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስለሆንኩ ጫኝና አውራጆቹም የድርሻቸውን ወሰዱ።

ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ጋገርኩበት፤ ማለቴ ጀመርኩ። 200 ዲግሪ ላይ አድርጌው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። ልጄ "እማ፣ የሆነ ፕላስቲክ እየተቃጠለ ነው" አለች። በሩን ስከፍተው ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ። ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። ወለሉ መሃል መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ተነስቷል። አጥፍቼው ሲቀዘቅዝ በማንኪያ ጫፍ ነካ ባደርገው ተገልብጦ ወደቀ። ስቱኮ! የተጋጨ መኪና የሚሞሉበት ስቱኮ፣ ምግብ የሚበስልበት ኦቨን ውስጥ። ከሥሩ ቀዳዳ ነው። በቀዳዳው ቢጫ ጥጥ የመሰለ ነገር ይታያል። ዳር ዳሩ ዝጎ እንደ ደረቀ ቅጠል ይፈረፈራል። ዳቦውን ከነኮባው ጣልኩት።

የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ጎረቤታችን መጥቶ አየው። እንዲህ የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበታል፣ ከዚያ ሙቀት የሚችል ቀለም ይቀባል አለኝ። እነዚህ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንኳ አልፈገፈጉትም። ከላዩ ሞልተው፣ ተራ ስፕሬይ ነፍተው፣ በቃ።

ሰኞ ሄድኩ። "እህቴ" ቀርታ "ሴትዮ" ሆኛለሁ። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ሳያይ "በእጅሽ ነክተሽ አይደል የገዛሽው?" አለኝ። በእጅሽ! ጣቴን አልረሳትም ማለት ነው። ጥግ ያለው ሰውዬ ስልኩን ሳይለቅ "ደረሰኝ አላት?" ብሎ ሻጩን ጠየቀው። እኔ እዚያው ቆሜ! ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ መሆኑን፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጠቅሼ ተናገርኩ። ሳቁ። ከጀርባ አንድ ትንሽ ልጅ ሌላ ኦቨን ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ስቱኮ ይለቀልቃል። ያው ሽታ ነው። ልወጣ ስል ሻጩ ከኋላዬ "ከፈለግሽ በ6 ሺህ እንወስደዋለን" አለኝ። ለማን መልሰው እንደሚሸጡት እያሰብኩ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

የምትገዙ ካላችሁ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። ወለሉ ላይ እዚህ ይዞ እዚያ ካልያዘ፣ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞቅ አትክፈሉ። መብራት የለም ካሏችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። ደረሰኙንም ከነቫቱ።

ስቶቩ በረንዳ ላይ ነው። ወንድሜ ትናንት መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና "ሞልተን ብንቀባው እኮ 20 ሺህ አያጣም" አለኝ። ቡናውን ሳይጨርስ አስወጣሁት።