ኢቲሞንላይን፦ የእንግሊዝኛ ቃላትን ሥር ለሚፈልግ

"ናይስ" (nice) የሚለውን ቃል ኢቲሞንላይን በተባለው የቃላት ታሪክ ድረ ገጽ ላይ ቢፈልጉ ሥሩ የላቲኑ "ኔስኪዩስ"፣ ማለትም "የማያውቅ" ሆኖ ያገኙታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ሲገባ ስድብ ነበር፤ ቂል፣ ሞኝ እንደማለት። በኋላ "ጥንቁቅ" ወደሚለው ዞረና እ.ኤ.አ. በ1769 "ደስ የሚል" ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ በነጻ ነው!

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከቃሉ ጋር የሚሰጠው ዓመት ላይ ነው፦ የሚያሳየው ቃሉ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘበትን እንጂ የተፈጠረበትን ጊዜ አይደለም። ከፊቱ የኮከብ ምልክት (*) ያለበት ሥር ደግሞ ተጽፎ አልተገኘም፤ ምሁራን ቋንቋዎችን አነጻጽረው የደረሱበት ነው። "ባንክ"ን (bank) ሲፈልጉ ከቃሉ ጎን ያለውን ቁጥር ይዩ፤ የገንዘቡና የወንዝ ዳሩ ለየብቻ ተቀምጠዋል። አነባበብ ለመማር ግን አይሆንም፤ ለዚያ ድምፅ ያለው መዝገበ ቃላት ይያዙ።